ጭድ የሌለበት ቅርጫት

በዚያ ዓመት እህቴ ማኅሌት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ከቤተሰቡ ይህን የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስምንት ዓመቴ ነው። የሰማሁትን ሁሉ ሳይመሽ ገበያ የማደርስ ልጅ ስለነበርኩ ማንም ትንፍሽ አላለልኝም። ዛሬ ሳስበው አልፈርድባቸውም። ማኅሌት ብልባላ ነው ያገባችው፤ የመጀመሪያ ልጇን መንገድ ላይ አጥታለች። ምጥ ሲይዛት ከብልባላ ወደ ላሊበላ በሚመጣ የጭነት መኪና ላይ ጫኗት፤ ኮረኮንቹ ሲያነሳ ሲጥላት መጥቶ ሕፃኑ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። ስለዚህ ሁለተኛው ሲመጣ የቤታችን ወሬ ሁሉ በሹክሹክታ ሆነ። ዓይን ያርፍባታል ብለው ፈርተው ለጎረቤት እንኳ አልተናገሩም። እኔ ብቅ ስል ዝም ይላሉ፤ እኔም ዝምታውን እንደ ፈቀድኩ እተረጉመዋለሁ።

አባቴ አረጋ ልብስ ሰፊ ነው። እስከዚያ ዓመት ድረስ በእጁ የገባ መኪና ቢኖር የስፌት መኪናው ብቻ ነበር። አንድ ቀን ከአያቴ የወረሰውን አሸተን መውጫ ላይ ያለ ቦታ ሸጠ፤ ወልዲያ ከርሞም መንጃ ፈቃድና አንዲት አሮጌ ሰማያዊ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ይዞ መጣ። ሰፈሩ ተሰበሰበ። ከደስታዬ የተነሳ ጎማውን አቅፌ ሳምኩት።

"ለገና ጊዜ ምእመናኑን ስታመላልስ ትከብራለህ" አሉት ጎረቤቶቻችን።

"ይቺ መኪና ሰው አትጭንም" አለ አባቴ።

ሁሉም ሳቁ፤ ቀልድ መስሏቸዋል። እሱ ግን ከአቡጀዴ የሰፋላትን ልብስ አለበሳትና በሩን ዘጋ።

አባቴ ስለ መኪና የማያውቀውን ሁሉ የስፌት መኪናው ባስተማረው እውቀት ይሞላው ነበር። ስፌት መኪና ዘይት ካልጠጣች አትሰፋም፤ ስለዚህ ለፒክአፗም ዘይት አበዛላት። በማግስቱ ስትነሳ ሰፈሩን በሰማያዊ ጭስ አጥለቀለቀችው፤ ጎረቤቶቻችን ቤታችን የተቃጠለ መስሏቸው ውኃ ይዘው ሮጡ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ በየጠዋቱ መዝዞ በነጭ ጨርቅ ይጠርገዋል። ጨርቁን ያጥብና ከደንበኞቹ ልብስ ጎን ያሰጣዋል። አንዲት ሴት የገና ቀሚሷ ጠርዝ ላይ የሞተር ዘይት አግኝታ "ይህን ጥለት አላዘዝኩም" ብላ መለሰችለት።

ጎማውንም በእጅ መንፊያ ሸሚዙ በላብ እስኪርስ ነፋው። "ጎማ ሲጠነክር መኪናም ይጠነክራል" ይለኝ ነበር። በቡጢ ስመታው እጄን አመመኝና አባቴ አዋቂ ነው ብዬ ኮራሁ።

ከዚያ የእንቁላሉ ነገር መጣ። ኅዳር ተጋምሶ የነቢያት ጾም ገብቷል። እንቁላል የሚበላ የለም፤ የእናቴ ዶሮዎች ግን ጾም አያውቁም፤ ይጥላሉ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቴ እንቁላሉን በቅርጫት ሞልቶ የኋላው ወንበር ላይ አስቀመጠ።

"ከሥሩ ጭድ ላድርግበት?" አለችው እናቴ ይማርሽ።

"ጭድማ ከተደረገበት ምኑን አየሁት?"

"ያልቃል'ኮ አረጋ።"

"ይለቅ።"

ወደ ብልባላ ነዳ። እኔም ነገሩ ገባኝ፤ አባዬ የእንቁላል ነጋዴ ሆኗል ማለት ነው። ማታ ሲመለስ የኋላው ወንበር በቢጫ ተለቅልቋል፤ ቅርጫቱ ውስጥ ቅርፊት ከአስኳል ተቦክቷል። ወንበሩን በውኃና በሳሙና ያጠብኩት እኔ ነበርኩ፤ ሽታው ለቀናት ከአፍንጫዬ አልወጣም። አባቴ አንገቱን ደፍቶ "ማኅሌት አየችው። ገና ነው አለች" አለ ለእናቴ። እናቴ ከንፈሯን መጠጠች። የራሳችን እህት እንኳ እንቁላላችንን አልገዛ አለች ብዬ በማኅሌት ተናደድኩ።

እውነቱን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አባቴ መኪናዋን ይዞ ብልባላ በሄደበት የመጀመሪያ ቀን ማኅሌት ደጃፏ ላይ ቆማ፣ "መኪና የሚባል ነገር ላይ ዳግመኛ አልወጣም። ከሞትኩም እዚሁ ቤቴ ልሙት" አለችው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ይህኛውን ልጅ ቤት ውስጥ ለመውለድ እንዳትሞክር አስጠንቅቃታለች፤ ባሏ ደሳለ ለምኗታል፤ አልሰማ አለች። አባቴ ሲለማመጣት ቢውልባት ጊዜ፣ "እሺ፤ እንቁላል በቅርጫት ጭነህ፣ ጭድ ሳታደርግ፣ አንድም ሳይሰበር እዚህ ከደረስክ ያኔ እሳፈራለሁ" ብላ አሰናበተችው። ለማባረር ያለችውን እሱ ቃል አድርጎ ያዘው። ያቺ መኪና የተገዛችው ለአንዲት ሴት፣ ለአንድ ጉዞ ነበር።

የተሰበረው እንቁላል ለውሻ እንዳይደፋ ለአብዱልከሪም ቤት ይሰጥ ጀመር። አብዱልከሪም ከተማው መግቢያ ላይ ያለ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይለጥፋል፣ መኪናም ይነካካል። ልጁ ዙልፋ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ትቀመጣለች። እኛ ሽሮ በምንበላበት ወር እነሱ ቤት እንቁላል በየዓይነቱ ይጠበስ ጀመር። ሰኞ ጠዋት ዙልፋ ገና ሳትቀመጥ "ትናንት አባትሽ ስንት ሰበረ?" ትለኛለች፤ "ኧረ ሁሉንም" ስላት ፊቷ ይበራል። እኔ በልቤ አለቅሳለሁ።

አብዱልከሪም የእንቁላሉን ምክንያት ለማወቅ ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን ጎማውን በብረት አንኳኳና ጮኸ።

"አጀብ! ይቺን ማን ነፋት አረጋ? ድንጋይ አርገሃት እንዴት አትዘል?"

"የላላ ጎማ ይፈነዳል ብዬ..."

"እንቁላል ጭነህ በድንጋይ ላይ በድንጋይ ትሄዳለህ? ወላሂ ያንተስ ጉድ ነው!"

ቫልቩን ሲጫነው ጎማው ፊስስ እያለ ተነፈሰ። አባዬ ስንት ቀን የደከመበትን አየር ሰውዬው አውጥቶ ሲደፋው ቆሜ አየሁ። ሌባ ነው አልኩ፤ ለዙልፋም በማግስቱ ነገርኳት። አንድ ሳምንት አኮረፈችኝ።

በቀጣዩ እሑድ የተረፈ እንቁላል ነበር። ማኅሌት ግን አሁንም "ገና ነው አባዬ" አለች።

ከዚያ አባቴ ከመኪናዋ ሥር የሚሰማውን ሲጥሲጥታ መጠርጠር ያዘ። ባሌስትራው፣ ያ የተደራረበ የኋላ ብረት፣ ደርቆ ነው አለ። ስፌት መኪና ስትንጫጫ ይቀባታል፤ የስፌት ዘይቱ ግን አልቋል። ጓዳ ገባና ከገና በፊት የማይነካውን የእናቴን ቅቤ አወጣ። ካቦርቱን አውልቆ ከመኪናው ሥር ተንጋለለና ብረቱን እያንዳንዱን እያሸ ቀባው።

"በዚህ ቤት በጾም ቅቤ የሚበላው መኪናው ብቻ ሆነ!" አለች እናቴ በሩ ላይ ቆማ። ተቆጥታ ነው ያልኩት፤ ግን የቅቤውን ቅል ከእጁ ተቀብላ የቀረውን ጠርጋ የሰጠችው እሷ ራሷ ነበረች።

በዚያ ሌሊት የሰፈሩ ውሾች በሙሉ ከመኪናዋ ሥር አደሩ። በማግስቱ አባቴ በትር ይዞ ሲያባርር፣ እነሱ በሌላው በኩል ዞረው ሲልሱ ዋሉ። ከውሾቹ የተረፈው ቅቤ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይዞ ጭቃ ሆነ፤ ሲጥሲጥታውም ባሰ። አብዱልከሪም ሥሯ ገብቶ ያየውን ባየ ጊዜ ሳቁ ከመኪናዋ ሆድ የወጣ መሰለ።

"ባሌስትራ ሙሽራ መሰለችህ ቅቤ የምትቀባት?"

አባቴም ሳቀ። ከዚያ በፊት በራሱ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። አብዱልከሪም ብረቱን በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ ግራሶ የሚባለውን የመኪና ቅባት በሚገባበት ቦታ ብቻ አስገባ። "ስማኝ፣ ባዶ ፒክአፕ እንደ ፍየል ነው የምትዘለው። ኋላዋ ላይ አሸዋ በጆንያ ጫንባት፣ ትረጋለች። ቤንዚን መስጫውንም እንደ ስፌት መኪና መርገጫህ እርገጠው፤ ሐር ስትሰፋ እንዴት ነው የምትረግጠው? እንደዚያ።"

አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተፈታ። የሚያውቀው ነገር ተገኘለት። በጎማ ሲሳሳት፣ በዘይት ሲሳሳት፣ በቅቤ ሲሳሳት የከረመ ሰው እግሩ ግን ድሮም ትክክል ነበር።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል" አለው አብዱልከሪም እጁን እየጠረገ። "ያንተው ግን በመኪና መሄድ ፈለገ። አብሽር፣ ይደርሳል። ተጎጂው እኔ ነኝ፤ ልጆቼ እንቁላል ለምደዋል።"

በየእሑዱ የሚሰበረው እያነሰ መጣ። ዙልፋ ጠዋት ጠዋት ታዝን ጀመር። እኔ ግን ንግዱ ለምን አልሆን እንዳለ አልገባኝም፤ አብዛኛው እንቁላል ደህና ሆኖ ይሄዳል፣ ደህና ሆኖ ይመለሳል፤ የሚገዛ የለም። ቤተ ማርያም ሄጄ የአባዬ እንቁላል ከተሸጠ ጧፍ አበራለሁ ብዬ ተሳልኩ። አባቴ ገበያ መጮህ አያውቅም፤ ዝምተኛ ነው። እኔ ብሄድለት በአንድ ጩኸት እንደምጨርስለት እርግጠኛ ነበርኩ። ስለዚህ ገና ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው እሑድ መኪናዋ በር ላይ ተንጠልጥዬ አለቀስኩ።

"ውሰዳት" አለች እናቴ። እሷ ለእንግዶች እግር ማጠቢያ ውኃ እየጣደች ነበር፤ ከየአገሩ በእግር የመጡ ምእመናን ቤታችን ሞልተዋል። "ከዚህ ቆማ ጆሮዬን ከምትበላው።"

ከፊት ከአባቴ ጎን ተቀመጥኩ። ቅርጫቱ ከኋላ ብቻውን ሲሆን አሳዘነኝና "እኔ ልያዘው" አልኩ። አባቴ አመነታ፤ ከዚያ አንስቶ ጭኔ ላይ አኖረልኝ።

መንገዱ ነጭ በለበሱ ሰዎች ተሞልቶ ነበር። ከብልባላም ከሰቆጣም በኩል፣ በትርና ቢጫ ጀሪካን ይዘው፣ ስንቃቸውን ተሸክመው በተቃራኒው ይመጣሉ። አባቴ ለሁሉም ይቆማል። ጉድጓድ ሲያይ ትንፋሹን ይይዛል፤ እኔም እይዛለሁ። ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚገነጥለውን ስናልፍ አንድ ጊዜ ነጠርን፤ ከወንዙ መውጫ ላይ ሌላ ጊዜ ነጠርን። ሁለቱንም ጊዜ ቅርጫቱን በደረቴ አቀፍኩት።

ማኅሌት ደጃፏ ላይ ጋቢ ተከናንባ፣ አንድ እጇን ከግድግዳው ላይ አድርጋ ቆማለች። ግንባሯ በላብ ርሷል። አማቷ እማማ ሙሉሃብት ወገቧን ይዘዋታል፤ ደሳለ የሚያደርገው ጠፍቶበት ከወዲያ ወዲህ ይላል። "ሆዷን አሟት ነው" አሉኝ። እኔ ግን ለሥራዬ ቸኩዬ ቅርጫቱን አቀረብኩላት።

"አንድም አልተሰበረም!"

ማኅሌት እንቁላሉን አየች፤ ከዚያ እኔን።

"ማን ያዘው?"

"እኔ፤ ጭኔ ላይ።"

"የሻረግ፣ በማርያም ይዤሻለሁ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ነጠረ?"

መዋሸት ፈራሁ። "ሁለት ቦታ ነጠረ። ሌላው ግን ደህና ነው፤ አባዬ ቀስ ይላል።"

ሁለት ቦታ በማለቴ እንቁላሉን የማትገዛን መሰለኝ። እሷ ግን ዓይኗን ጨፈነች፤ ከንፈሯን ነክሳ ያመማትን አሳለፈች፤ ከዚያ እጇን ለአባቴ ዘረጋች። በዚያን ቀን እሱ አልነጠረም ብሎ ቢምልላት እንደማትሳፈር ከዓመታት በኋላ ነግራኛለች። ያመነችው ሁለቱን ቦታ ስለነገርኳት ነው።

እማማ ሙሉሃብት ኋላ ገብተው ማኅሌትን ጭናቸው ላይ አስደገፏት። ደሳለ ከኋላ በተጫነው የአሸዋ ጆንያ ላይ ወጣ። ቅርጫቱ እኔ ጋ ተመለሰ፤ ሳንሸጠው ልንመለስ ነው ብዬ ከፋኝ። አባቴ መሪውን ከመያዙ በፊት እጁን በሱሪው ጠረገና አማተበ።

መኪናዋ ተነሳች። ከኋላ ማኅሌት ታቃስታለች።

"የሻረግ፣ ስንት ተሰበረ?" አለች ድምፅዋ እየተቆራረጠ።

"ምንም።"

ትንሽ ሄደን ደግሞ፣ "አሁንስ?"

"ሁሉም አለ።"

እንዲህ እያልን ሄድን። ሆዷን እያመማት ስለ እንቁላላችን መጨነቋ ገርሞኝ በልቤ ታረቅኳት። ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ መንገዱ ጎርፍ ባመጣው ድንጋይ ተሞልቷል። ደሳለ ዘሎ ወረደና ወደ ፊት ሮጠ፤ ጎንበስ ብሎ ለአንድ ሽማግሌ ምእመን አንድ ነገር ሲነግራቸው አየሁ። ሽማግሌው በትራቸውን ጥለው ድንጋይ አነሱ። ከዚያ ሌላው አነሳ። ከዚያ ነጭ የለበሰው ሕዝብ ሁሉ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ይለቅም ጀመር። ሴቶቹ "ማርያም፣ ማርያም" እያሉ ከመኪናዋ ጎን ተራመዱ፤ አንዷ እጇን በመስኮት አስገብታ የማኅሌትን ግንባር ዳሰሰች። ያ ሁሉ ሕዝብ ለእንቁላላችን የሚጸልይ መስሎኝ ቅርጫቱን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። አንዲት ሴት እያለቀሰች ሳቀችልኝ።

አባቴ በዚያ መሐል አልፎ ነዳ። እግሩን አየሁት፤ ሐር ሲሰፋ እንደሚረግጠው ነበር የሚረግጠው።

ሆስፒታሉ በር ላይ ማኅሌትን በአልጋ ተቀብለው ወሰዷት። እማማ ሙሉሃብትና ደሳለ ተከትለው ገቡ። አባቴ ሞተሩን ማጥፋት እንኳ ረስቶ ከድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ቅርጫቱን ይዤ ወረድኩና አጠገቡ ቆምኩ።

"አባዬ፣ እይ፤ አንድም አልተሰበረም።"

ወደ ቅርጫቱ አጎንብሶ አየ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው፤ ፈራሁ። ይህን ሁሉ ደክሞ አሁንም የሚገዛ አጣ አልኩ በልቤ።

"አይዞህ አባዬ" አልኩት ራሱን እየዳበስኩ። "አሁን ጾም ስለሆነ ነው። ገና ሲፈታ ሰው ሁሉ ይገዛናል።"

ቀና ብሎ አየኝ። እንባው ሳይደርቅ ይስቅ ጀመር፤ ስቆ ስቆ አቀፈኝና ከእነ ቅርጫቴ ጭኑ ላይ አስቀመጠኝ። ሳይለቀኝ ቆየ። ከዚያ ከውስጥ የእማማ ሙሉሃብት እልልታ ተሰማ፤ ከእልልታው ሥር ደግሞ ቀጭን፣ የተቆጣ የሕፃን ለቅሶ።

"ማን ነው የሚያለቅሰው?" አልኩ።

"የሰው ልጅ ነው" አለ አባቴ። "በደህና ደረሰ።"

ወደ ቤት ስንመለስ አብዱልከሪም ጎሚስታ ጋ ቆመን። አባቴ ቅርጫቱን ሙሉውን አወረደ። የአብዱልከሪም ሚስት ሰአዳ ደንግጣ ወጣች፤ ዙልፋም ተከትላ።

"ዛሬ ያልተሰበረ ነው ያመጣሁላችሁ" አለ አባቴ።

አብዱልከሪም እጁን ከቅባቱ ሳይጠርግ "አልሐምዱሊላህ!" ብሎ አባቴን አንቆ ሳመው፤ ነጭ ሸሚዙ ላይ የአሥር ጣት አሻራ ቀረ። እናቴ ያንን ሸሚዝ ብታጥበውም አልለቀቀም፤ አባቴም እንዲጣል አልፈቀደም። እኔ ለቤተ ማርያም የተሳልኩትን ጧፍ አበራሁ። እንቁላሉ አልተሸጠም፤ ግን ሁሉም ሰው የተሸጠ ያህል ደስ ብሎት ስለነበር ስለቴን ማስቀረት ድፍረት መሰለኝ።

ያቺን ፒክአፕ ዛሬ የምነዳት እኔ ነኝ። ዘይቷን የማየው በነጭ ጨርቅ ነው፤ ጎማዋን የሚያየው አሁንም አብዱልከሪም ነው። ባለፈው የገና ሰሞን ያን ቀን የተወለደውን የማኅሌትን ልጅ ምሥጋናውን ከብልባላ ሳመጣው በእኔ ቀርፋፋነት ተሰላችቶ ከኋላ ያጉረመርም ነበር። ቁመቱ እኔን አልፏል፤ ጢሙ እያጎነቆለ ነው።

"ኧረ አክስቴ፣ ባጃጅ እንኳ አለፈን! ምን ጭነሽ ነው?"

በመስታወቱ አየሁት። ቅርጫቱ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ መስኮቱን ከፍቶ ተቀምጧል። ከፊታችን ያ ቁልቁለት ነበር። ማርሹን ቀነስኩና ቀስ ብዬ ወረድኩ።